ከሆጤ ወደ ኮምቦልቻ ዳር፦ ሁሉም አዲስ የሆነበት ሰፈር ይሻላል?

የጠያቂዋ ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ "የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ግቢው የባለቤቴ ቤተሰብ ግቢ ነው፤ አማቴም አብረውን አሉ። ሙስሊሞች ነን። እኔ ደሴ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለሚሠራ በየቀኑ በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ይወርዳል፣ ይወጣል። አሁን ኮምቦልቻ ዳር ካሉት አዳዲስ ሰፈሮች በአንዱ የሚሸጥ ቤት አግኝተናል። ጎረቤቱ ግን ከየአገሩ የመጣ ነው። የባቲ፣ የከሚሴ፣ የጎጃም፣ የደቡብ ሰው አለ። ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት አለ። ተፈናቅለው መጥተው እዚያው የቀሩም አሉ። ብዙው የፋብሪካ ተከራይ ነው። ባለቤቴ 'የልጆቹ ዓይን ይከፈታል' ይላል። አማቴ ደግሞ 'ማን እንደሆኑ በማላውቃቸው ሰዎች መሀል?' ይላሉ። ልጆቹ የ7 እና የ11 ዓመት ናቸው። ጥቅሙንና ጉዳቱን ቢያመዛዝኑልኝ።"

እህቴ፣ ባለቤትሽም አማትሽም ሲከራከሩ አሁን የምትኖሩበትን ሰፈር የረሱት መሰለኝ። ሆጤ ራሱ ቅይጥ ነው። አዛኑም ደወሉም ይሰማል። የአንዱ አያት ሸህ፣ የሌላው አያት ቄስ ናቸው። አንዳንዴም ሁለቱ የአንድ ሰው አያቶች ናቸው። ስለዚህ "ከአንድ ዓይነት ሰፈር ወጥቼ ቅይጥ ሰፈር ልግባ ወይ?" የሚለው ጥያቄ ያንቺ አይደለም። ያንቺ ሌላ ነው። የሆጤ ቅይጥነት አሮጌ ነው። የኮምቦልቻ ዳሩ ቅይጥነት ገና አዲስ ነው። በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ያየሁት ትልቁ ልዩነት በነዚህ በሁለቱ መሀል ያለው ነው።

አሮጌ ስል ጠቡም ስምምነቱም ቀድሞ አልቋል ማለቴ ነው። የሰፈራችሁን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን፣ አስቢው። ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚሠራ ማንም አይጠይቅም። ድንኳኑ ይወጣል፣ አግዳሚው ይደረደራል። ክርስቲያኗ ጎረቤት ለሙስሊሙ ሐዘን ሥጋ ይዛ አትመጣም። ምስር፣ ሽሮ፣ ዳቦ፣ ንፍሮ ይዛ ትመጣለች። ሠርግ ሲሆን ለየብቻ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። እንዳይምታታ ብለው የአንዱን ጭልፋ እጀታ በጨርቅ ያሰሩበት ቤት አይቻለሁ። ወጥ የምታወጣው ልጅ ጭልፋ ከተሳሳተች ከጓዳ አንዲት ትልቅ ሴትዮ "ኧረ ያኛውን!" ብለው ይጮኻሉ። ሰዉ ይስቃል፣ ጭልፋው ይለወጣል፣ በቃ። ይሄ ደንብ የትም አልተጻፈም። ሰው እየተጋጨ፣ እየተስማማ፣ እየተጋባ ያበጀው ነው።

አዲሱ ሰፈር ላይ ነገር የሚበላሸው ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ደንቡ ገና ስላልተበጀ ነው። አንዷ አርብ ቀን ቅቤ የገባበት ወጥ ለኦርቶዶክስ ጎረቤቷ ትልካለች። ጎረቤትየዋ አመስግና ትቀበላለች፣ ግን አትቀምሰውም። ሳህኑ እንዳለ ሲመለስ ላኪዋ "ናቀችኝ" ትላለች። ፕሮቴስታንቱ ለቅሶ ቤት መዝሙር ሲያነሳ ሌላው ግራ ይገባዋል። ሆጤ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን በልጅነቱ ለምዶታል። ከሩቅ የመጣ ሰው ግን ከየት ይልመደው?

ይሄ የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካዊው ምሁር ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት ብዙ አነጋግሯል። ወደ 30,000 ሰው የተጠየቀበት ነው። ነዋሪው ከየዘሩ በተሰበሰበባቸው አካባቢዎች ሰው ጎረቤቱን ማመን ይቀንሳል አለ። የሚገርመው፣ የሌላውን ዘር ብቻ ሳይሆን የራሱን ዘር ሰውም ያን ያህል አያምንም። የቅርብ ጓደኛው ያንሳል፣ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥበት ሰዓት ይበዛል። ባጭሩ በሩን ይዘጋል። ፑትናም ራሱ ግን ይሄ የአጭር ጊዜ ነገር ነው ብሏል። ጊዜ ሲያልፍ ሰው አዲስ "እኛ" ይፈጥራል። የአሜሪካን ዘርና የኛን ብሔርና ሃይማኖት አንድ አድርጌ አላየውም። በር መዝጋቱን ግን አዳዲስ ሰፈሮቻችን ውስጥ አይቼዋለሁ። ባለቤትሽ "ለልጆቹ ጥሩ ነው" ሲል የረጅሙን ጊዜ እያየ ነው። አማትሽ ሲሰጉ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እያዩ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ታዲያ አንዱ ሰፈር ቶሎ "እኛ" የሚሆነው፣ ሌላው በሩን እንደዘጋ የሚቀረው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ የምወደው የድሮውን የጎርደን ኦልፖርትን ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ነው የጻፈው። የተለያዩ ሰዎች ጎን ለጎን መኖራቸው ብቻውን ጥላቻን አይቀንስም አለ። አራት ነገር ያስፈልጋል። ሰዎቹ በዚያ ጉዳይ ላይ እኩል መሆን አለባቸው። የጋራ ዓላማ ያስፈልጋቸዋል። አብረው መሥራት አለባቸው። አለቃ፣ ሕግ ወይም ልማድ ደግሞ ሊደግፋቸው ይገባል።

አሁን ወደ ቅሬ ተመለሺ። ሀብታሙም ድሃውም የሚያዋጣው እኩል ነው። ሁሉም የሚፈልገው የወገኑ ቀብር በወጉ እንዲፈጸም ነው። ድንኳን ተካዩ፣ ውሃ ቀጂው፣ እንግዳ ተቀባዩ አብሮ ይሠራል። ሽማግሌው ዳኛ ነው፤ የቀረም ይቀጣል። አራቱም ተሟልተዋል። ኦልፖርት ወሎን ቢያይ ብዙ ወረቀት ይቆጥብ ነበር።

ስለዚህ ያንን ሰፈር ለማየት ስትሄጂ የቤቱን ሳሎን ከማየትሽ በፊት የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ አለ። ቅሬው እንዴት ነው? አንድ ቅሬ ሁሉንም ከያዘ ግማሹ ጭንቀትሽ ይቀላል። ሁለት ወይም ሦስት ቅሬ ካለና እያንዳንዱ የአንድ ወገን ከሆነ፣ ሰዎቹ አብረው እየኖሩ አይደለም፣ ጎን ለጎን እየኖሩ ነው። ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ብዙዎቹ የቀድሞ ሰፈራቸውን ቅሬ ይዘው ነው የሚኖሩት ማለት ነው። ይሄ መጥፎ ምልክት ላይሆን ይችላል። የሚመሠርት ሰው ግን ያስፈልጋል፣ እና መምህር ስለሆንሽ ጸሐፊነቱ አንቺ ላይ መውደቁ አይቀርም። ዕቃ ያለው ቅሬ ከሆነ አዲስ ገቢ ከመመዝገቢያው ሌላ የዕቃ ድርሻ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድመሽ ጠይቂ። የሆጤውን ቅሬ ደግሞ ቶሎ አትልቀቂ። ሁለቱንም ለተወሰነ ጊዜ መክፈል ያዋጣል።

ሰፈሩ ቅይጥ ነው ሲባል መንገዱም ቅይጥ ነው ማለት አይደለም። ቶማስ ሼሊንግ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳየው ነገር አለ። ማንም ሌላውን ሳይጠላ፣ እያንዳንዱ "ቢያንስ ጥቂት የኔ ዓይነት ሰው በቅርቤ ይኑር" ብሎ ብቻ ቢንቀሳቀስ፣ በመጨረሻ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። እኛ ጋ ይሄ የሚጀምረው ከኪራይ ነው። አከራዩ "የአገሬን ልጅ አምጡልኝ" ይላል። ደላላው ይሰማል። ሁለት ሦስት ዓመት ሲያልፍ ላይኛው መንገድ የእነ እገሌ፣ ታችኛው መንገድ የእነ እገሌ ይሆናል። በእግርሽ ዞር ዞር በይና እዪው። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቡድኑ በመንገድ ነው ወይስ በዘር የተከፈለው? ከልጆቹ የበለጠ መረጃ የሚሰጥሽ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። የኔ ስጋት ከየት መጡ የሚለው አይደለም። ስንት ጊዜ ይቆያሉ የሚለው ነው።

ሮበርት ሳምፕሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በቺካጎ ስለ 343 ሰፈሮች አንድ ጥናት አወጡ። 8,782 ነዋሪ ጠየቁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ "ልጆች ከትምህርት ቀርተው ጥግ ላይ ቆመው ቢታዩ ጎረቤት አንድ ነገር ይላል?" የሚል ነበር። "አዎ፣ ይላል" የሚባልበት ሰፈር ዓመፅ ያነሰበት ሆኖ ተገኘ። ይሄን መተማመን ከሚያጠነክሩት ነገሮች አንዱ ነዋሪው ቤቱ ውስጥ ረግቶ መኖሩ ነው። ድህነት ሲከማች ደግሞ ይላላል። ሰው ጎረቤቱን ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል። ነገ ለሚሄድ ሰው ማን ራሱን ያደክማል?

ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረቱ፣ ቆዳው ሁሉ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ተመረቀ። ብዙ ወጣት፣ በተለይ ሴቶች፣ ከየገጠሩ መጡ። ጥቂት ሳይቆይ የ2014 ጦርነት ገባ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ አስወጣች፤ ይህም ልብስ ሰፍተው ወደ አሜሪካ የሚልኩ ድርጅቶችን ጎዳ። ፋብሪካ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛው ይበተናል፣ ሲሞቅ ሌላ ይመጣል። ሦስት አራት ልጆች አንድ ሰርቪስ ቤት ተጋርተው ይኖራሉ። ፈረቃቸው ስለሚለያይ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። ጎረቤት ለቡና ሲጠራ ወይ ተኝተዋል ወይ የሉም። ጥፋታቸው አይደለም። ደክሟቸው ነው። ሆኖም ቅሬ አይገቡም፣ የሰፈር ስብሰባ አይመጡም፣ ስማቸውን እንኳ ሳታውቂ ይቀየራሉ።

ስለዚህ ስትቆጥሪ ሙስሊምና ክርስቲያን አትቁጠሪ። ባለቤቱ የሚኖርበትን ግቢና በሙሉ የተከራየውን ግቢ ቁጠሪ። ከአሥሩ ግቢ በስድስት ሰባቱ ባለቤት ካለበት፣ ከየትም ይምጣ፣ ያ መንገድ ሰፈር ይሆናል። ከአሥሩ በስምንቱ ባለቤቱ ሌላ አገር ሆኖ በደላላ የሚያከራይ ከሆነ ግን ሁሉም የአንድ ቀበሌ ልጅ ቢሆን እንኳ ትቸገሪያለሽ። ተከራይ መኖሩ ጥቅምም አለው፣ እሱን አልክድም። ሱቁ ማታ ድረስ ክፍት ነው፣ ባጃጅ አይጠፋም፣ ሰርቪስ ቤት ካለሽ አንቺም ታከራያለሽ።

ማንም የማይቆጥራቸው ጎረቤቶችም አሉ። በኮምቦልቻ ዙሪያ ያለው የቃሉ ወረዳ ገበሬዎች ናቸው። ከተማ ሲሰፋ አዲሱ ሰፈር የሚወጣው የሰው ማሳ ላይ ነው። ካሳ ተከፍሏቸዋል፤ አንዳንዱ በቂ ነው ብሏል፣ አንዳንዱ እስከ ዛሬ ያዝናል። ማሳቸው ከአጥርሽ ባሻገር ሊሆን ይችላል። ላማቸው አትክልትሽ ውስጥ ብትገባ፣ ቆሻሻ ውሃሽ ወደ ማሽላቸው ቢፈስ፣ የምትጣዪው ከጎጃሙ ተከራይ ጋር ሳይሆን ከነሱ ጋር ነው። የአዲስ ሰፈር ሰው እነሱን የሚያስታውሰው ችግር ሲፈጠር ብቻ ነው። አንቺ ቀድመሽ ሂጂ። ወተትሽን ከነሱ ግዢ። እነሱ ጋ ደግሞ አዲሱ ሰፈር የሌለው ነገር አለ፦ አበጋሮች። በወሎ ባህል ነፍስ የጠፋበትን ጠብ ሳይቀር የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያከብራቸዋል። አዲሱ ሰፈር ሽማግሌ የለኝም ብሎ ያማርራል፣ ሽማግሌዎቹ ግን ከአጥሩ ማዶ ተቀምጠዋል።

ወደ ልጆቹ። ባለቤትሽ ትክክል የሆነበት ቦታ እዚህ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ሄደሽ ታውቂያለሽ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ሲገበያይ አንዱ ነጋዴ ሦስት ቋንቋ ይቀላቅላል። ያ ሰው ትምህርት ቤት አልተማረውም። ከጎረቤት ነው የያዘው። የ7 ዓመቱ ልጅሽ የከሚሴ ልጅ ጎረቤት ካገኘ ኦሮምኛ ሳያስበው ይገባለታል። ኮምቦልቻ ከባቲና ከሚሌ፣ ከከሚሴና ከሸዋ የሚመጣው መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። እዚያ ለሚያድግ ልጅ ሁለተኛ ቋንቋ እንጀራ ነው።

የ11 ዓመቱ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአምስት ከተሞች ድሃ ቤተሰቦችን ወደ ተሻለ ሰፈር እንዲዛወሩ የረዳ ፕሮግራም ነበር። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ሲከታተሉት፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ልጆች ካደጉ በኋላ ገቢያቸው 31 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። ከዚያ በላይ ዕድሜ ላይ የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም፤ እንደውም ትንሽ ተጎዱ። ልብ በይ፣ ጥናቱ ስለ ድህነት ነው እንጂ ስለ ቅይጥነት አይደለም። ለአንቺ የሚጠቅምሽ የዕድሜው ነገር ነው። ትልቅ ልጅ ሰፈር ሲቀይር የሚያጣው ጓደኛ ከሚያገኘው ጥቅም ሊበልጥ ይችላል። ብትሄዱ አሁን ሂዱ፤ ሦስት ዓመት ቆይታችሁ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ሆጤ ይጨርስ።

ሌላም አለ። ሆጤ ልጅሽ ድንጋይ ሲወረውር ያየች ማንኛዋም ሴት ጆሮውን ትቆነጥጠዋለች። አንቺም ማታ ሲነግሩሽ "አበጃችሁ" ትያለሽ። አዲስ ቅይጥ ሰፈር ላይ ሰው ይፈራል። "የነሱ ልጅ ነው፣ ዘሬን ቆጥረው ምን ይሉኛል?" ብሎ ዓይቶ እንዳላየ ያልፋል። ልጆቹ ይሄን በሳምንት ውስጥ ያውቁታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀድሞ መናገር ብቻ ነው። በገባሽ ሰሞን በየቤቱ ቡና ስትጠጪ "ልጆቼ ካጠፉ ይቆጡልኝ፣ እኔም የእናንተን እቆጣለሁ" በይ። አንዲት እናት ይሄን ካለች ሌሎቹም ይከተሏታል።

አማትሽ የሚሰጉበትን ነገር "የድሮ ሰው ወሬ" ብላችሁ አትለፉት። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳዩ አንቺም ታውቂያለሽ። ሰው "ከየት ነህ?" ተብሎ በጥርጣሬ የታየበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን በአሮጌ ሰፈርና በአዲስ ሰፈር መሀል ያለው ልዩነት ይታያል። አሮጌ ሰፈር ላይ "እሷን አውቃታለሁ፣ እዚህ ነው የወለደችው" የሚል ሰው አለ። አዲስ ሰፈር ላይ ሁሉም ለሁሉም እንግዳ ነው። ይሄ ለናንተ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቶቻችሁም ነው። ተፈናቅላ የመጣችው ሴትዮ አንቺን የምታይበት ዓይንም አማትሽ እሷን ከሚያዩበት ዓይን የተለየ ላይሆን ይችላል። ይሄን ጉዳት በዋስትና የሚያስቀርልሽ የለም። ሊቀንሰው የሚችለው መተዋወቅ ነው፣ መተዋወቅ ደግሞ ሰላም ባለበት ጊዜ ነው የሚሠራው።

የዕለት ተዕለቱን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ሥጋ ቤት፦ አዲስ ሰፈር ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ምልክቱ ጨረቃ ነው ወይስ መስቀል ብለሽ እዪ። መስጊድ በእግር ይደረሳል ወይ? የቀብር ቦታስ? እናንተ ቀብር አታሳድሩም፣ ስለዚህ ርቀቱ ትልቅ ነገር ነው። ጎህ ሳይቀድ አዛንም ቅዳሴም በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ሆጤ ያደገ ሰው ግን በዚህ አይነቃም።

ከሰው ወጥተን ወደ መሬቱ ስንመጣ፣ እዚህ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው። ስለ ጎረቤት ሃይማኖት ሦስት ወር ሲከራከሩ ቆይተው ካርታ ሳያዩ ይከፍላሉ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው ላዩ ላይ ያለው ቤት ነው። ከተማ ዳር "ከገበሬው ገዝቼ ነው" የሚልሽ ሰው ካለ እግሬ አውጪኝ በይ። በማኅበር የተሠራ ቤት ከሆነ ካርታው በማኅበሩ ስም ነው ወይስ በግለሰቡ? ሽያጭ ይፈቀዳል ወይ? ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመሬት አስተዳደር በጽሑፍ ይምጣልሽ። የቤት ሽያጭ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ በሁለት ምስክርና በደላላ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አያኮራም። ካርታው ንጹሕ ያልሆነ ሰፈር ላይ የጎረቤት ልዩነትም የባሰ ይከፋል። ዶዘር ይመጣል የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰዉ "የነማን ቤት ነው የሚተርፈው?" ብሎ በወገን ይቧደናልና።

ውሃውን ደግሞ በክረምት እዪው። ኮምቦልቻ ከተራሮቹ ሥር ናት፤ ከላይ የዘነበው ሁሉ ወደ እሷ ይወርዳል። ቦርከናም ከናንተው ከደሴ ተነስቶ ነው የሚደርሳት። በበጋ ደረቅ ሸለቆ የሚመስል ቦታ በነሐሴ ወንዝ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ፈልጊ፤ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ የጎረቤቱን ግድግዳ እዪ። ወደ ቦርከናና ወደ ወርቃ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚገባ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ ከወንዙ ዳር ከሆነ ልጆች እንዲጫወቱበት አልመክርም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። አጥንት የሚሰብረው የደሴ ብርድ ይቀርልሻል፣ በምትኩ ግን ወባ አለ። አጎበር የቤት ዕቃ ዝርዝርሽ ውስጥ ይግባ። በደሴ በኩል ደግሞ ገደል ሥር ያለ ግቢ የመሬት መንሸራተት ስጋት እንዳለበት አትርሺ፤ ሆጤ መቅረትም የራሱ ዋጋ አለው።

እና መንገዱ። 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም ይባላል፣ ግን ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ኪሎ ሜትር አይቆጠርም። አሁን የሚመላለሰው ባለቤትሽ ነው። ከተዛወራችሁ የምትመላለሺው አንቺ ነሽ። ሁለቱ ከተሞች የየራሳቸው አስተዳደር ያላቸው ስለሆኑ የሥራ ዝውውር በቃል አይሆንም፤ ክፍት ቦታና ተራ ይጠይቃል። ልጆቹ ኮምቦልቻ፣ እናታቸው ደሴ፣ አያታቸው ሆጤ ከሆኑ የትኛውም ጎረቤት አይጠግነውም።

የኔ ሚዛን ወዴት ያደላል ብትይኝ፣ ወደ መሄድ ያደላል። ግን ወደ መግዛት ገና አያደላም። ገንዘቡን ያዙትና እዚያው ሰፈር፣ የሚቻል ከሆነ እዚያው መንገድ ላይ ተከራዩ። አንድ ክረምት፣ አንድ ረመዳን፣ አንድ የፋሲካ ጾም እዚያ አሳልፉ። ለቅሶ ሲኖር ማን እንደሚመጣ እዪ። ረመዳን ላይ ሾርባና ሳምቡሳ ስትልኪ ሳህኑ ምን ይዞ እንደሚመለስ እዪ። የተከራያችሁት ለጊዜው ለማረፍ ሳይሆን ጎረቤት ልትሆኑ እንደሆነ በመንገዱ ላሉ ባለቤቶች ንገሩ፤ ያኔ የሚሸጠውን ቤት እውነተኛ ታሪክም ይነግሩሻል። ከደላላ የማይሰማ ነገር ነው።

ሻጩ "ሌላ ገዢ አለ፣ ነገ ይሄዳል" ካለሽ ይሂድ። ዳር ላይ ያለ ቤት አያልቅም። የሆጤውን ግቢ አትሽጡ፣ ለማንም ሙሉ በሙሉ አታስረክቡ። አማትሽ መቅረት ከፈለጉ ይቅሩ፤ የትልቁ ልጅ የቅዳሜና እሑድ ማረፊያም እዚያው ይሁንለት። እሳቸውንም ቤቱን እንዲያዩ ብቻ አትውሰጃቸው። የባቲዋ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ አስቀምጫቸው፤ ሲጨዋወቱ ሁለቱም የሚያውቁት ሰው ሳያገኙ አይቀሩም።

የሥራ ዝውውር ማመልከቻሽን ግን ቤት ከመከራየታችሁ በፊት አስገቢ። ካርታ ማጣራት የቀናት ሥራ ነው፤ ዝውውር ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል።